የውርጭ ልክ

ሥዕሌን ይዤ ሄድኩ፣ ዊኒፔግ ማዘጋጃ ቤት፣
አውቶቡሴን አቁሜ በካሬ ወረቀት ያሰመርኩት፣ በሌሊት ዕረፍት፤
አራት ቋሚ እንጨት፣ ሁለት ወራጅ ያለው፣
ከጓሮ በሬ ሥር ዘርግቼ የምቀመጥበት ነው።

ራጅቪር ይባላል የመስኮቱ ጎልማሳ፣
ወረቀቴን አየ፣ ቅንድቡን አነሳ።
"ከጎረቤት አጥር ስንት ሜትር ይርቃል? የወራጁስ ውፍረት?
የመደገፊያው ቁመት? ደረጃውስ ስንት?
በዘንግና ዘንግ መሃል የሕፃን ራስ ቢያልፍ?"
"ልጅ የለኝም" አልኩት።
"ሕግ ላልመጣም ልጅ ነው ቀድሞ የሚጻፍ።"
"ማን ነው የሚሠራው?"
"ባለቤቱ ብለህ ጻፍ" አልኩት።
ባለቤት የሌለኝ ባለቤት መሆኔን፣
በእርሱ ቋንቋ ቅኔው አይፈታምና፣ ብቻዬን ሳቅሁበት።

ከዚያ ደግሞ ክብደት። በካሬ ሜትር ስንት ኪሎ እንደሚችል፣
የበረዶው ሸክም፣ የሰውም፣ የወንበርም፣ ተደምሮ ሲጣል።
ቤቴ ገብቼ አባዛሁ፤ ስህተት መስሎኝ ደገምኩ፤
ሠላሳ ሰው ወጣ።
የማውቀውን ሰው ሁሉ በጣቴ ብቆጥር ከአምስት አላለፍኩ።
ያልጠራኋቸውን ሃያ አምስት እንግዶች
ከተማው መዝኖ አሸክሟቸዋል ለአራት እንጨቶች።

በግንቦት ቆፈርኩ፣ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅም ሲል።
"ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው" ነበረ ሳድግ የሰማሁት፣
"ማን እንደሚገባ አታውቅም" ብለው የሚያስጠነቅቁበት።
ይህ ወረቀት ግን አርቂው አለኝ፣ እስከ ደረትሽ፣
የሚገባው እንግዳ ይታወቃልና፤ ውርጭ ነው ጎረቤትሽ፤
በጥር ወር ይወርዳል፣ ሳያንኳኳ፣ በዝምታ፣
ጭቃውን አሳብጦ ቋሚውን ከግርጌው ሊመታ።

ሲሚንቶ ማፍሰስ ክልክል ነው፣ ባዶው ከመታየቱ በፊት።
ስለዚህ ጠበቅሁ፣ አራት ባዶ ጉድጓድ አሰልፌ ፊት ለፊት።
እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ምንጣፉን ያራግፋል፤
እኔ የጉድጓዴን ወለል በእጄ ስጠርግ ይመሻል።
ማክሰኞ ዘነበ። የዶሪን ድመት አጥር ዘላ መጣች፣
ከሦስተኛው ጉድጓድ ጠጥታ፣ አፏን ልሳ ሄደች።
ሐሙስን በጣሳ ስቀዳ ዋልሁ።

ዐርብ ኮዋልቹክ መጣ፣ ተቆጣጣሪው፣ ጉልበቱን እያመመው፣
ሜትሩን ወደ ታች ለቀቀ፤ ቁጥሩን በጣቱ ያዘው።
አንዱ፣ ደህና። ሁለቱ፣ ደህና። አራተኛው፣ አራት ጣት ጎደለው።
"አራት ጣት እኮ ናት!"
"ለኔማ ምንም አይደል" አለኝ፣ "ውርጩን ነው የምትለምኚው።"

ቅዳሜ ዳግም ስቆፍር ዶሪን በአጥሯ ተደግፋ አየችኝ፣
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው። ስለ በረንዳዋ አጫወተችኝ፤
ባሏ በሁለት ቅዳሜ፣ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ልክ የቸነከረው፣
ውርጩ በየዓመቱ አንዱን ጥግ የፀጉር ያህል ከፍ የሚያደርገው።
"ሻዬን ሳስቀምጥ" አለች፣ "ብርጭቆው ቀስ እያለ ይሄዳል፣
ወደ እሱ ወንበር። ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። አሁንም ይሄዳል።"
"ሰው ላምጣ፣ ይስተካከል?" አልኳት።
ድመቷን ጠርታ ገባች።

በመስከረም ፊርማው መጣ።
ኮዋልቹክ መደገፊያውን በዳሌው ገፍቶ፣ ዘንጎቹን በጡጫው ለክቶ፣
"አሁን እንግዶችሽን ጥሪ" አለኝ፣ ቢጫውን ወረቀት ቀድዶ ሰጥቶ።
ዶሪንን ጠራኋት፣ ከሠላሳው የመጀመሪያዋን።
አራቱን ደረጃ ወጣች፣ በቀኟ ዘንጉን፣ በግራዋ ሻዩን ይዛ።
ተቀመጠች። ብርጭቆዋን ጣውላው ላይ አኖረችው፤
እጇን ሳታርቅ ጠበቀችው።
እኔም ጠበቅሁ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እንደ ፍተሻው ቀን።
ብርጭቆው አልተነቃነቀም።
"ቀጥ ያለ ነው" አለች።
ከዚያ፣ ብዙ ቆይታ፣ በጣቷ ጫፍ
ትንሽ ገፋ አደረገችው።